የሰው ታሪክ ለምን ይጥማል? የሕይወት ታሪክ ንባብና የሰነድ አደራ

መግቢያ

በረመዷን ከተራዊሕ በኋላ በመስጊድ ለትምህርት የተቀመጠ ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ኢማሙ የውዱእን ወይም የዘካን ድንጋጌ ሲያብራራ ከኋላ ረድፍ ያሉት ይንሾካሾካሉ፤ ልጆች ይቁነጠነጣሉ። «አንድ ሰው ነበር» ብሎ የጀመረ እንደሆነ ግን ጫማውን አንሥቶ ሊወጣ የነበረው እንኳ ተመልሶ ይቀመጣል። በመርካቶ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉ የመጽሐፍ መሸጫዎችም የነቢያት ታሪኮች፣ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራና የሶሐቦች ታሪክ ከፊቅህና ከዐቂዳ ኪታቦች ጎን ተደርድረው ይታያሉ። ሌላ ኪታብ የማይከፍት ሰው እነዚህን ያነባል።

አንዳንድ መምህራን ይህን ዝንባሌ በጥርጣሬ ይመለከቱታል። ለቁም ነገር የማይቻኮል ሰው ለተረት ይቻኮላል ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው። የሰው ታሪክ መጣሙ ነውር አይደለም። ቁርኣን ራሱ ሱረቱ ዩሱፍን ሲከፍት ከትረካዎች ሁሉ ያማረ ይለዋል፤ ሲዘጋውም በነዚያ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ለአእምሮ ባለቤቶች ግሣጼ እንዳለ ይነግረናል። ቀደምት ዑለማኦቻችን ይህን ጣዕም አላባረሩትም፤ በደጃፉ ላይ ግን «ይህን የነገረህ ማን ነው?» የሚል ጠባቂ አቆሙበት። ጣዕሙን ወርሰን ጠባቂውን ያሰናበትን እንደሆነ የምንከፍለው ዋጋ ቀላል አይሆንም።

ከአንድ ንግግር የተነሣ የሕይወት ታሪክ

ለአገራችን ሙስሊም ከሲራ ሁሉ የሚቀርበው የነጃሺ ታሪክ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መምጣታቸውን፣ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች መላካቸውን፣ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) በንጉሡ ፊት መናገሩን የማያውቅ ደረሳ የለም። ይህ ዘገባ እንዴት እንደ ደረሰን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚጠይቁት። ኢብኑ ኢስሓቅ ከዙህሪ፣ ዙህሪ ከአቡበክር ኢብኑ ዐብዱረሕማን፣ እርሱም ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ሰምተው አስተላለፉት። ኡሙ ሰለማ ከስደተኞቹ አንዷ ነበሩ። ያወሩት የኖሩበትን ነው።

ንጉሡ የቁረይሾችን ስጦታ እንዲመለስ ሲያዝ፣ አላህ መንግሥቱን ሲመልስለት ከርሱ ጉቦ እንዳልተቀበለ ጠቅሶ ተናገረ። ሰሚ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል፤ መንግሥቱ መቼ ተወስዶበት ነው የተመለሰለት? ዙህሪ ይህን ዘገባ ለዑርዋ ኢብኑ ዙበይር በነገረው ጊዜ፣ ዑርዋ የንግግሩን ምክንያት ታውቃለህን ብሎ ጠየቀውና ከአክስቱ ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) የሰማውን አጫወተው። የነጃሺ አባት ንጉሥ ነበር፤ ከእርሱ በቀር ልጅ አልነበረውም። አጎቱ ግን ዐሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። የአገሩ ሰዎች መንግሥት ወራሽ የበዛለት ይሁን ብለው አባቱን ገደሉና አጎቱን አነገሡ። ልጁ በአጎቱ ቤት አድጎ በብልኅነቱ ተሰሚነት ባገኘ ጊዜ፣ የአባቱ ገዳዮች ይበቀለናል ብለው ፈሩ፤ ለአንድ ነጋዴም በ600 ዲርሃም ሸጡት። በዚያው ዕለት ማምሻ አጎትዬው በመብረቅ ሞተ፤ ከልጆቹም ለመንግሥት የሚበቃ ታጣ። የሸጡትን ልጅ አሳድደው መለሱትና ዘውድ ጫኑለት። ነጋዴው ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ በችሎቱ በቆመ ጊዜ፣ ገንዘቡ ይመለስለት፤ አለዚያ የገዛው ሰው እጁን በእጁ ይሰጠዋል ብሎ ፈረደ። የተገዛው ሰው ራሱ ዳኛው ነበር።

ይህን ያነበበ ሰው ነጃሺ ስደተኞቹን አሳልፎ ያልሰጠበትን ምክንያት ከውስጥ ያየዋል። ራሱ የተሸጠ ሰው ሌላውን በስጦታ አይሸጥም። የሕይወት ታሪክ ጣዕም እዚህ ላይ ነው። ድንጋጌ ምን መደረግ እንዳለበት ያስተምራል፤ የሕይወት ታሪክ ደግሞ አንድ ሰው ያንን ለማድረግ ምን እንዳሳለፈ ያሳያል። አድማጭ ከመስጊድ ሲወጣ ፍትሕን በጽንሰ ሐሳብ ሳይሆን የሰው መልክ ይዛ ያገኛታል።

ሰነዱ ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል። ኡሙ ሰለማ በችሎቱ የሆነውን ያወሩት በዚያው አገር ሆነው ነው። ዓኢሻ ግን ሐበሻን አላዩም፤ የነጃሺን የልጅነት ታሪክ ከማን እንደ ሰሙም በዘገባው አልተጠቀሰም። ሁለቱ ዘገባዎች በአንድ ኪታብ ጎን ለጎን ቢቀመጡም ክብደታቸው አንድ አይደለም፤ ይህንንም የምናውቀው አስተላላፊዎቹ ስማቸውን ስላልደበቁን ነው። ኡሙ ሰለማ በንጉሡ ላይ ጠላት በተነሣ ጊዜ ከስደተኞቹ በዕድሜ የሚያንሰው ዙበይር በተነፋ አቁማዳ ዓባይን ዋኝቶ የውጊያውን ወሬ እንዳመጣ ይነግሩናል። ዑርዋ የዚህ የዙበይር ልጅ ነው። የሐበሻ ነገር ለእርሱ የቤት ወሬ ነበር፤ ለዚህም ይመስላል የንግግሩን ምክንያት ሳይጠይቅ ያላለፈው።

የመዝገቡ ሥርዓት

ከዚህ ጥያቄ ነው ታላቁ የሙስሊሞች የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ የበቀለው። ሐዲስ የሚያስተላልፈው ሰው ማን ነው? የት ተወለደ? ከማን ተማረ? መቼ ሞተ? ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ አንዱ ከሌላው ሰማሁ ቢል የሞታቸው ዓመት ያጋልጠዋል። በ230 ዓ.ሂ. (845 እ.ኤ.አ.) የሞተው ኢብኑ ሰዕድ «ጠበቃት» በተሰኘው ሥራው ሶሐቦችንና ተከታዮቻቸውን በትውልድና በአገር መድቦ ጻፈ፤ የመጨረሻውን ክፍልም ለሴቶች ሰጠ። ኸጢብ አልባግዳዲ (በ463 ዓ.ሂ./1071 እ.ኤ.አ. የሞተ) በአንዲት ከተማ ታሪክ ውስጥ ከ7,800 በላይ ሰዎችን አስገባ። ሰኻዊ (በ902 ዓ.ሂ./1497 እ.ኤ.አ. የሞተ) የ9ኛውን የሂጅራ ክፍለ ዘመን ሰዎች በመዘገበበት ሥራው ከ1,000 የሚበልጡ ሴቶችን ለብቻቸው በአንድ ጥራዝ አሰፈረ። ዛሬ ሴት የዲን አስተማሪ አልነበረችም ለሚል ሰው ከክርክር ይልቅ ይህን ጥራዝ ማሳየት ይበቃል።

ኢብኑ ኸሊካን (608–681 ዓ.ሂ./1211–1282 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጣዕምንና ጥንቃቄን ባንድ ላይ በማስኬድ ይታወቃል። የደማስቆ ቃዲ ነበር። በካይሮ በ654 ዓ.ሂ. የጀመረው «ወፈያቱል አዕያን» ዛሬም ለደስታ የሚነበብ ነው፤ ገጣሚው፣ ሐኪሙ፣ ሚኒስትሩ፣ የሰዋስው ሊቁ በውስጡ ይገናኛሉ፤ ቀልድና ቅኔም አይጎድለውም። ሆኖም የሞቱበትን ዓመት ያላረጋገጠላቸውን ሰዎች ላለማስገባት በራሱ ላይ ደንብ ጣለ። ዝነኛ ሰው መተው ለጸሐፊ ከባድ ነው፤ እርሱ ግን ተወ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ዘሀቢም (በ748 ዓ.ሂ./1348 እ.ኤ.አ. የሞተ) ታላላቆቹን ሲያወድስ ስሕተታቸውን አይሸሽግም፤ በሐሳብ የማይስማማውን ሰው ዕውቀትም አይክድም። ሰዎቹ በእጁ አላነሱም፤ ሰው ሆነው ቀረቡን እንጂ።

ኢብኑ ሂሻምም (በ218 ዓ.ሂ./833 እ.ኤ.አ. የሞተ) የኢብኑ ኢስሓቅን ሲራ ሲያሳጥር የቀነሰውን ነገር በመግቢያው ላይ አስታውቋል፤ የግጥም ዐዋቂዎች የማያውቁትን ግጥምና መጠቀሱ ነውር የሚሆነውን ወሬ መተዉን ነግሮናል። ቆርጦ እንዳልቆረጠ አልሆነም።

ጠባቂው ሲሰናበት

ታሪክ ሁልጊዜ በዚህ ሥርዓት አልኖረም። በአደባባይና በመስጊድ ሕዝብ ሰብስበው የሚያወሩ ተራኪዎች፣ ቁስሳስ የሚባሉት፣ ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ኢብኑል ጀውዚ (በ597 ዓ.ሂ./1201 እ.ኤ.አ. የሞተ) ስለነርሱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። እርሱ ራሱ የባግዳድ ዝነኛ ሰባኪ ነበርና ሕዝብን ማስለቀስ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያውቃል። ስለዚህም መተረክን አልከለከለም፤ ውሸትን እያወገዘ የእውነተኛ ተራኪን ሥርዓት አስተማረ።

ልክ ያለፈ ትረካ ምን እንደሚመስል ለማየት የሰይፍ ኢብኑ ዚየዘንን ተረት መመልከት ይጠቅማል። ታሪካዊው ሰይፍ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በየመን የሐበሻን አገዛዝ የተቃወመ መስፍን ነበር። በመምሉኮች ዘመን በግብፅ ይነገር የነበረው ረጅም ተረት ግን የሐበሻው ንጉሥ ሰይፈ አርዕድ ባላጋራው ነው ይላል። ሰይፈ አርዕድ የነገሠው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሁለቱን ሰዎች ስምንት መቶ ዓመት ይለያያቸዋል፤ የቡና ቤት አድማጭ ግን አልጠየቀም። እንዲህ ያለው ተረት ተረት መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ጉዳት የለውም። ታሪክ ነው ተብሎ የተወሰደ እንደሆነ ግን የአንዱን ዘመን ጠብ ወደ ሌላው ዘመን ያሻግራል፤ ጎረቤትን የዘላለም ጠላት ያደርጋል።

ኢብኑ ኸልዱን (732–808 ዓ.ሂ./1332–1406 እ.ኤ.አ.) «ሙቀዲማ»ን ሲጀምር ያነሣው ይህንኑ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች የሙሳ (ዐ.ሰ.) ሠራዊት 600,000 ወይም ከዚያ በላይ ነበር ሲሉ፣ ይህን ያህል ሰው በአንድ የጦር ሜዳ እንዴት ይሰለፋል? አገሩስ ይበቃዋልን? በያዕቆብና በሙሳ መካከል ያሉት ጥቂት ትውልዶችስ ይህን ያህል ሕዝብ ይወልዳሉን? ብሎ ጠየቀ። ሰነድን መመርመር ብቻውን አይበቃም፤ ወሬው በሰው ልጅ አኗኗር ሊሆን የሚችል መሆኑም ይመዘን ማለቱ ነው።

የእኛው ዕዳ

የሐበሻ ዘር በዚህ ዕውቀት ውስጥ እንግዳ አይደለም። የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) በስሙ የሚጠራው በቅድመ አያቶቹ አገር በጀበርት ነው፤ ቤተሰቡም በአዝሃር ከጀበርት ተማሪዎች ማደሪያ ጋር የተሳሰረ ነበር። «ዐጃኢቡል አሣር» በተባለው ታላቅ ሥራው የየዓመቱን ድርጊት ከተረከ በኋላ በዚያ ዓመት የሞቱትን ሰዎች ሕይወት ይጽፋል። የፈረንሳዮችን ወረራ በዓይኑ አይቶ መዝግቧል፤ ሙሐመድ ዐሊን አላሞካሸም። መጽሐፉ በሙሉ በቡላቅ የታተመውም እርሱ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እኛስ? ከዓመታት በፊት በአንድ መድረሳ ስናስተምር በአካባቢው ስለ ነበሩ አንድ ታላቅ ሸኽ አወራን። ከራማቸውን ሦስት ጊዜ በሦስት መልክ ተረክን፤ ደረሶቹም በጸጥታ አዳመጡ። በመጨረሻ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ ሸኹ ከማን ቀሩ? መቼስ ሞቱ?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ልጁ ቀጥሎ «ይህንን ማን ነገረዎት?» አለን። ከሽማግሌዎች ነው አልን። ከየትኛው እንደ ሆነ ግን መናገር አልቻልንም። በሚቀጥለው ሳምንት የሸኹን ደረሳ እናውቃለን ወደሚሉ አንድ አዛውንት ቤት ሄድን፤ ለቅሶአቸው ካለፈ አራት ወር ሆኖት ነበር። ወደ ክፍል ተመልሰን የሆነውን እንዳለ ነገርናቸው። ኢብኑ ኸሊካን ቢኖር ኖሮ ሸኻችንን ወደ መዝገቡ አያስገባቸውም ነበር፤ ጥፋቱ ግን የሸኹ አልነበረም።

በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች የዑለማእ ታሪክ በመንዙማና በመናቂብ፣ እንዲሁም በሽማግሌዎች አንደበት ኖሯል። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት፣ በየአካባቢው የተጻፉ የዐረብኛ ሥራዎችንና የቃል ወሬን እያመዛዘኑ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። መናቂብ የተጻፈው ለፍቅርና ለበረካ ነው፤ በፍቅሩ ልንነቅፈው አይገባም። ነገር ግን በውስጡ የመምህራን ስም፣ የመንገድ ስም፣ የኪታብ ስም ተሸሽጎ ይገኛል፤ ከራማውን ብቻ የሚያነሣ ሰው እነዚህን ይጥላቸዋል።

መደምደሚያ

ከዚህ የምንወስደው ነገር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ኢማም በሚንበር ላይ ታሪክ ሲጠቅስ ያነበበበትን ኪታብ ስም ቢጠራ ኹጥባው የሚረዝመው በአንድ ቃል ነው። ዘገባው ደካማ ከሆነ «ይባላል» ብሎ መናገር ታሪኩን አያደኸየውም፤ ተናጋሪውን ያስከብረዋል። መምህር ስለ አንድ ዓሊም ሲያስተምር ከከራማው በፊት መምህሩን፣ ጉዞውን፣ ድካሙንና ከተሳሳተም ስሕተቱን ይንገር። ወጣቱ ራሱን የሚያገኘው በዚያ ውስጥ ነውና። ዛሬ ደረሳ የሰማውን ወዲያው የሚያጣራበት መንገድ በእጁ አለው፤ በአንድ ወሬ ያጣንን አመኔታ በዐሥር እውነት መመለስ ይቸግረናል። በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ወሬን የማጣራት ግዴታ ስለ ሕያዋን ብቻ የመጣ አይመስለንም፤ ሙታን መልስ መስጠት ስለማይችሉ መብታቸው ይበልጥ ይጠበቃል።

በየመድረሳችንም አንድ ደብተር ይከፈት። የአካባቢው ዓሊም ስም፣ ከማን እንደ ቀሩ፣ ማንን እንዳቀሩ፣ የሞቱበት ዓመት፣ በመጨረሻም ይህን የነገረን ሰው ስም ይስፈርበት። ደረሶች በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ አዛውንቶቹ ይላኩ። ዙህሪ ሰምቶ ዝም ቢል፣ ዑርዋም ባይጠይቀው ኖሮ፣ የተሸጠው ልጅ ታሪክ ከኛ ዘንድ ባልደረሰ ነበር። አላህ የቀደሙትን ይማርልን፤ የቀሩትን ለመስማትም ያድርሰን።