ፊት ሳይሸፈን፦ የሰርግ ፎቶ በዋግ

በዋግ ልጃገረድ በአደባባይ እንደ ልቧ የምትታይበት ጊዜ ሻደይ ነበር። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ ሴቶቹ ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ። ጎረምሳው ዳር ቆሞ ይመርጥ ነበር። እሷ ግን አትመርጥም ነበር። ሽማግሌ የሚላከው ወደ አባቷ ነበር፤ ጥሎሹን የሚነጋገሩት ወላጆች ነበሩ፤ የሰርጓ ዕለትም ፊቷን ተሸፍና በበቅሎ ትወሰድ ነበር።

እናቴም እንዲሁ ተድራ ነው ከዋግ ዝቋላ ወደ ሰቆጣ የመጣችው። የአባቴን መልክ ያወቀችው ጫጉላ ቤት ከገባች በኋላ እንደሆነ ነግራኛለች። የሰርጓ ፎቶ የለም። ካሜራ ፊት መጀመሪያ የተቀመጠችው እኛን ከወለደች በኋላ፣ ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ስትነሳ ነው።

ካሜራ ግን ወደ አገራችን የገባው ከእናቴ ዘመን እጅግ ቀድሞ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትም አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱ በኋላም ልጆቹ፣ ነገሥታቱንና መኳንንቱን አንስተዋል። ዋግን ካሜራ ያገኘው በክፉ ቀን ነው። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጣሊያንን ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገደሉ፤ ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ አሳየ፤ ፎቶም አነሳው። በዚያ ፎቶ ውስጥ የተነሺው ፈቃድ የለም።

የሙሽሪትም ፈቃድ ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ1992 የወጣው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995ም የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ ዕድሜውን ለሴትም ለወንድም 18 አደረጉት። ሕጉ ወደ ቀበሌያችን የደረሰው በመምህራንና በጤና ሠራተኞች ብርታት ነው፤ ዛሬም ያልደረሰበት ቤት አለ።

አዲስ አበባ ላይ ሙሽሮች በሰርጋቸው ቀን ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ወይም ግዮን ሆቴል ግቢ እየሄዱ ይነሱ ነበር። በኋላ ፎቶው ከሰርጉ ቀድሞ የራሱ ቀን ተሰጠው፤ እንጦጦ ፓርክም የጥንዶች መነሻ ሆነ። ልማዱ ወደ እኛም መጣ። የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥር፣ ቬሎውን ለሰርጉ ትታ፣ በሀገር ልብስ ከእጮኛዋ ጋር ከከተማ ወጣ ብላ ከማሽላ ክምር አጠገብ ተነሳች። ፎቶ አንሺው «ቅረቡ» ሲላቸው ሳቀች። ያቺ ሳቅ ፎቶው ላይ ቀርታለች።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «የከተማ ቅብጠት» ይሉታል። ወጪው ለድሃ ቤት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በብድር የሚነሳ ፎቶም አልደግፍም። ነገሩን ግን አልንቀውም። ፊቷን ያልሸፈነች ልጅ፣ ገና ሳትዳር፣ ከመረጠችው ሰው ጎን ቆማ መነሳቷ እናቴ ያላገኘችው ነገር ነው።

ስለዚህ ለምትጋቡ ልጆች ይህን እላለሁ፦ በስልክም ቢሆን ተነሱ፤ የተወለዳችሁበትን ሜዳና ተራራ ከኋላችሁ አድርጉ። እናቶቻችሁንም ጥሩና አብራችሁ ተነሱ። አንዷን ፎቶ አሳትሙና ከጀርባዋ ስም፣ ቀንና ቦታ ጻፉባት፤ የዋግን የሰርግ ታሪክ ነገ የሚጽፍ ሰው ማስረጃ ያስፈልገዋል።