ያለ ድንጋይ እርከን የኖረ ተዳፋት

እንደሚታወቀው በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ከደረሰው ድርቅ በኋላ የተራቆቱ ተራሮችን በእርከን ለማዳን በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ሰፊ ዘመቻ ተካሂዷል። የኮንሶ ገበሬም ለብዙ ትውልድ ድንጋይ እየደረደረ አፈሩን ጠብቋል። በይርጋጨፌ ተዳፋቶች ላይ ግን የድንጋይ እርከን ብዙም አይታይም። ታዲያ አፈሩን ምን ያዘው?

መልሱ የጌዴኦ አባቶችና እናቶች ያቆዩት የእርሻ ዘዴ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፣ ከታች ጎደሬና ጎመን ይበቅላሉ። ዝናቡ መሬት የሚደርሰው በየቅጠሉ ጉልበቱ ተሰብሮ ነው። የእንሰት ሰፊ ቅጠል ውኃውን ሰብስቦ በግንዱ በኩል ወደ ሥሩ ያወርደዋል። የረገፈው ቅጠል እርጥበት ይይዛል፣ በስብሶም ማዳበሪያ ይሆናል። ብርብራ ደግሞ ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል። መሬቱ በበሬ ስለማይታረስ አፈሩ አይላላም።

ይህ ዘዴ ያለ ፈተና አልቆየም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ቢያስቀርም መሬቱን አላሰፋውም፤ ማሳው ለልጆች በተከፋፈለ ቁጥር እየጠበበ ሄደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ በአንዳንድ የአገራችን አካባቢዎች ቡና ነቅሎ ጫት መትከል ታየ። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚያ አስቸጋሪ ወቅት ነበር። ቡናው የተሻለ ዋጋ ካላወጣ የቡናው ጥላ ዛፍም ለማገዶና ለጣውላ ይቆረጣል። ስለዚህ የዋጋ ጉዳይ የአፈር ጉዳይም ነው።

መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ክብሩ የገበሬው ነው፤ ነገር ግን መዝገብ አፈር አይዝም።

አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። 1 ኪሎ ግራም ንጹህ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ግራም ያህል እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ ይሄዳል። ከልጣጩ ጋር የማሳው ምግብ አብሮ ይሄዳል። ልጣጩ ወንዝ ውስጥ ከተጣለ ውኃው ይበከላል፣ ማሳውም ይከሳል፤ በኮምፖስት መልክ ከተመለሰ ግን ከተዳፋቱ የወጣው ወደ ተዳፋቱ ይገባል። መሠረታዊ ማኅበራት፣ አባላትና የወረዳ ኃላፊዎች ተባብረው ሊሠሩት የሚገባ ሥራ ይህ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ማሳውን ካራቆተ ጎርፉ የሚወርደው ከታች ባለው ጎረቤቱ ላይ ነውና።