አህያዋና የቴምብር ወረቀቱ

የቅዱስ ዶን ቦስኮ በዓል፣ ጥር 23፣ በደረሰ ቁጥር ስለ እሳቸው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቦታው የሰሜን ጣሊያኗ ቱሪን፣ ዘመኑ 1855 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። «ዶን» እንደ እኛ «አባ» ማለት ነው። ቄሱ ጄኔራላ በተባለው የወጣት አጥፊዎች ማረሚያ ቤት ሲመላለሱ ከርመው ለሚኒስትሩ ለኡርባኖ ራታዚ ልመና አቀረቡ፤ ልጆቹን አንድ ቀን ሽርሽር ልውሰዳቸው አሉ። ሚኒስትሩ ፈቀዱ፤ ከሩቅ የሚከተል ጠባቂ ላዝዝልዎ ቢሏቸው ግን ቄሱ አልፈልግም አሉ።

ከሦስት መቶ የሚበልጡ ልጆች ነገሥታቱ ለአደን ወደሚወጡበት ወደ ስቱፒኒጂ ሄዱ። ስንቁን የተሸከመች አንዲት አህያ አብራ ነበረች። ሲመለሱ ቄሱ ደከማቸው፤ ልጆቹ ጭነቱን ለራሳቸው ተካፍለው እሳቸውን አህያዋ ላይ አወጧቸው። ማታ በሩ ላይ ሲቆጠሩ አንድም አልጎደለም።

ታሪኩ ሲበዛ አምሯል፤ የታሪክ ተመራማሪዎችም የሚጠራጠሩት ለዚህ ነው። የዘመኑ ማረጋገጫ አልተገኘለትም ይላሉ። በሰፊው የተረከው የቄሱ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ዶን ሌሞይኔ ነው፤ ድርጊቱ ሆነ ከተባለ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ራታዚ የቄስ ወዳጅ ተብለው የሚታሙ አልነበሩም። በዚያው ዓመት የወጣውና ብዙ ገዳማትን ያዘጋው ሕግ የሚታወቀው በስማቸው ነው።

እኔን ግን አህያዋ ትይዘኛለች። ቅዱስ ለማሞገስ የሚፈጠር ታሪክ ቅዱሱን ደክሞት አህያ ላይ አያስቀምጠውም። ሦስት መቶው ሠላሳ ይሆን ይሆናል፣ ጠባቂም ከዛፍ ጀርባ ተደብቆ ይሆናል፤ ቢሆንም ልጆቹ ጭነት ሲካፈሉ ያየ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

የቀረውን ብዙዎች ያውቁታል። ጆቫኒ ቦስኮ በ1815 ተወለዱ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አባታቸው ሞተው በእናታቸው በማርጌሪታ እጅ አደጉ። በ1841 ቀሰሱ። ከገጠር ለግንበኛ ረዳትነት ቱሪን የሚጎርፉትን ልጆች እሑድ እሑድ እየሰበሰቡ ከቦታ ቦታ ሲዞሩ ቆይተው፣ በ1846 ቫልዶኮ በተባለው ሰፈር አንድ ዳስ ተከራዩ። በ1853 የጫማና የልብስ ስፌት ሥራ ክፍል ከፈቱ፤ የመጽሐፍ ጥረዛው፣ አናጢነቱና ማተሚያ ቤቱ ተከተሉ።

ማንም የማይከራከርበት ማስረጃ ግን አንድ ወረቀት ነው። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1852 አንድ አናጢና አንድ ሙያ ተማሪ ልጅ በቴምብር ወረቀት ላይ ተዋዋሉ። የልጁ አባት ዋስ ናቸው፣ ዶን ቦስኮም ከፈራሚዎቹ አንዱ። አናጢው ልጁን ሙያውን ሊያስተምረው፣ ከሙያው ውጭ በሆነ ሥራ ላያሰማራው፣ በዓላትን ነጻ ሊለቅለት ግዴታ ገባ። ቢያጠፋም በቃል ብቻ ሊገሥጸው፣ እጁን ላያነሳበት ፈረመ።

የእኛን ጋራዥ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ረዳቱ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት «ሻይ አምጣ»፣ «ሲጋራ ግዛ» ሲባል ይከርማል፤ ቁልፍ ቁጥር አሥራ ሦስት ሲጠየቅ አሥራ አራት ካቀበለ ኩርኩም አለ። የቱሪን አናጢዎችም ከዚህ የተለዩ አልነበሩም። ዶን ቦስኮ ልጆችን ውደዱ ብለው ሰብከው አልተመለሱም፤ ፍቅሩን አንቀጽ አድርገው አስፈረሙ።

በ1877 የአስተማሪነት መንገዳቸውን በአጭሩ ሲጽፉ በሦስት ነገር ላይ አቆሙት፦ በማስረዳት፣ በሃይማኖትና በፍቅር። በ1884 ከሮም የላኩት ደብዳቤ ደግሞ ወቀሳ አለበት። የእጅ ጽሑፉ የሌሞይኔ ስለሆነ የትኛው ቃል የማን ነው የሚል ክርክር አለ፤ ወቀሳው ግን ግልጽ ነው። አስተማሪዎቹ በእረፍት ሰዓት ከልጆቹ ጋር መጫወት ትተው ዳር ቆመው መጠበቅ ጀምረዋል የሚል ነው።

የእሳቸው ማኅበር፣ ሳሌዥያን የሚባሉት፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአገራችን አሉ፤ መቀሌና አዲስ አበባ መካኒሳ ያሉት ትምህርት ቤቶቻቸው በስማቸው ይጠራሉ።

መስከረም ላይ ልጄን ሳስመዘግብ እኔም አንድ ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። አሥራ አንድ ተራ ቁጥር ነበረው። ሰባቱ ልጄን የሚመለከቱ ናቸው፣ አራቱ ክፍያን። መምህሩ የሚፈርምበት ቦታ ይኖር እንደሆነ ብዬ ገለበጥኩት፤ ጀርባው ላይ የደንብ ልብስ ዋጋ ነበር።