የሕፃናት ክትባት ወጪና ውጤት በአቃቂ

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲመዘገብ፣ ለድሉ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ደረቁ የፈንጣጣ ክትባት ሙቀትን የሚቋቋም መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው መደበኛ የሕፃናት ክትባት ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በ6 በሽታዎች ላይ የተነሡት ክትባቶች ከተሠሩበት ፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ድረስ ቅዝቃዜ ይሻሉ፤ በጤና ጣቢያ የሚጠበቀውም ልክ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣው፣ ነዳጁና ጥገናው ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር ተደምረው መታሰብ ነበረባቸው።

የአቃቂ አቀማመጥ ይህን ሒሳብ ግልጽ ያደርገዋል። በፋብሪካዎቹና በቀድሞው የባቡር ጣቢያ ዙሪያ ሕዝቡ ተጠጋግቶ ስለሚኖር፣ አንድ የክትባት ቀን ብዙ እናቶችን ሊያሰባስብ ይችላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የዋልካ መሬት ግን ክረምት መንገዱን ያጨቀየዋል፤ ያው ባለሙያ ያንኑ የበረዶ ሣጥን ተሸክሞ የሚያገኘው ጥቂት ሕፃናትን ይሆናል።

ለ10 ሕፃናት የሚበቃ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ለአንድ ሕፃን ብሎ መክፈት ብክነት ይመስላል፤ አለመክፈት ግን እናቲቱን እንደ መጣች መመለስ ነው፤ ምናልባትም ዳግመኛ አትመጣም። እንግዲህ የአገልግሎቱ ቁጠባ መለካት ያለበት በተረፈው ብልቃጥ ሳይሆን፣ ክትባቱን በጨረሰው ሕፃን ቁጥር ነው።