በተጓዥ የባሕር ወፎች ላይ የሚደረግ የደም ጥገኛ ተሕዋስያን ክትትል

በተጓዥ የባሕር ወፎች ላይ የሚደረግ የደም ጥገኛ ተሕዋስያን ክትትል ማለት፣ በባሕርና በውቅያኖስ ዳርቻ የሚራቡና በየዓመቱ ከአገር አገር የሚጓዙ ወፎች በደማቸው ውስጥ የትኞቹን ጥገኞች እንደሚሸከሙ፣ ምን ያህሉ ወፎች እንደተያዙና ጥገኛው የት እንደያዛቸው በተከታታይ ዓመታት ናሙና እየወሰዱ የማጥናት ሥራ ነው። ሥራው የወፎችን ጥናት፣ የእንስሳት ሕክምናን፣ የነፍሳትን ጥናትና የዘረመል ምርመራን ያጣምራል።

አብዛኞቹ የባሕር ወፎች ሲመረመሩ በደማቸው ውስጥ ጥገኛ አይገኝም። ይህ ግን ወፎቹ በሽታውን ይቋቋማሉ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ነፃ የሆኑት ከአስተላላፊው ነፍሳት ጋር ስላልተገናኙ ነው። አስተላላፊው ወደ እነርሱ ከመጣ ወይም እነርሱ ወደ አስተላላፊው ከሄዱ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት በክትትል ሥራ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት «ተገኝቷል» ከሚለው እኩል ተመዝግቦ ይያዛል።

የጥገኞቹ ዓይነቶች

በወፎች ደም ውስጥ በብዛት የሚጠኑት ሄሞስፖሪዲያ በሚባለው ቡድን ውስጥ ያሉ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኞች ናቸው። ሦስቱ ዋና ዋና ወገኖች የየራሳቸው አስተላላፊ አላቸው፦

• ፕላዝሞዲየም፦ የወፍ ወባ አምጪ ነው። በአብዛኛው ኩሌክስ በሚባሉ ትንኞች ይተላለፋል። በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ይባዛል።
• ሄሞፕሮቲየስ፦ ኩሊኮይደስ በሚባሉ ደም መጣጭ ደቃቅ ነፍሳት፣ ወይም በወፍ ላባ መካከል በሚኖሩ ጠፍጣፋ ዝንቦች ይተላለፋል። በደም ሕዋሳት ውስጥ የሚታየው ጋሜቶሳይት የተባለው፣ ወደ ነፍሳቱ ለመሻገር የተዘጋጀው ደረጃ ብቻ ነው።
• ሉኮሳይቶዞን፦ በወራጅ ውሃ ውስጥ በሚራቡ ጥቁር ዝንቦች ይተላለፋል።

ከእነዚህ በተጨማሪ በመዥገር የሚተላለፈው ባቤሲያ በባሕር ወፎች ደም ውስጥ ይገኛል። የባሕር ወፎች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ተጠጋግተው ስለሚራቡ፣ በዚያው ሠፈር በየዓመቱ የሚጠብቃቸው መዥገርም ብዙ ነው።

የወፍ ወባ ሰውን አይዝም። በሰው ላይ ወባ የሚያመጡት የፕላዝሞዲየም ዝርያዎች ሌሎች ናቸው፤ የሚተላለፉትም በአኖፌለስ ትንኝ ነው።

የምርምሩ ታሪክ

ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ የሰው ወባ ጥገኛን በታማሚ ደም ውስጥ አየ። በዚያው አሥርት ዓመት ቫሲሊ ዳኒሌቭስኪ በካርኪቭ ከተማ ተመሳሳይ ጥገኞችን በወፎች ደም ውስጥ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1897 ዊልያም ማካለም በሄሞፕሮቲየስ የተያዙ ወፎችን ደም ሲመረምር የጥገኛው ወንዴና ሴቴ ሕዋሳት ሲዋሐዱ ተመለከተ። በቀጣዩ ዓመት ሮናልድ ሮስ በካልካታ ባደረገው ሙከራ ወባ ከወፍ ወደ ወፍ በትንኝ ንክሻ እንደሚተላለፍ አረጋገጠ፤ በወባ ላይ ላደረገው ምርምርም እ.ኤ.አ. በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ስለ ሰው ወባ የሚታወቀው ብዙው ነገር መነሻው በወፎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው።

ለረጅም ዘመን ብቸኛው የምርመራ መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነበር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የዲኤንኤ ምርመራ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማልአቪ የተባለው የመረጃ ቋት በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተመራማሪዎች መሪነት ይፋ ሆነ። ቋቱ በዓለም ዙሪያ በወፎች ላይ የተገኙ የሄሞስፖሪዲያ የዘር ሐረጎችን ከተገኙበት ወፍና ቦታ ጋር መዝግቦ ይይዛል።

በባሕር ወፎች ላይ የሚያንስበት ምክንያት

ለዚህ የሚሰጡት ዋና ዋና ማብራሪያዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• በባሕር ዳርቻና በደሴቶች ላይ ያለው ንፋስ፣ ጨውና ቅዝቃዜ ለትንኝ አይስማማም፤ እጮቿ የሚያድጉበት የረጋ ንጹሕ ውሃም ጥቂት ነው።
• እንደ አልባትሮስ ያሉ ወፎች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ከየብስ ርቀው በውቅያኖስ ላይ ያሳልፋሉ።
• በአንዳንድ ደሴቶች አስተላላፊው ነፍሳት ቢኖርም በዚያ አካባቢ ካሉ ወፎች ጋር የተላመደ ጥገኛ ገና አልደረሰም።
• የአንዳንድ ዝርያዎች የበሽታ መከላከል አቅም ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል የሚል መላምትም አለ።

ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የቦታ ጥበቃ እንጂ የወፏ የራሷ ጥበቃ አይደሉም። ወፏ ቦታ ስትለውጥ ወይም የቦታው አየር ሲሞቅ ጥበቃው ይቀራል።

የናሙና አወሳሰድ

ወፎቹ ብዙውን ጊዜ የሚያዙት በመራቢያ ሠፈራቸው ነው፤ በባሕር ላይ ሳሉ መያዝ አስቸጋሪ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ግን በየዓመቱ ወደ አንድ ሠፈር ይመለሳሉ። እያንዳንዷ ወፍ ቁጥር ያለው የብረት ቀለበት በእግሯ ላይ ይደረግላታል። በሚቀጥሉት ዓመታት ስትያዝ ቁጥሯ ተነቦ አዲሱ ውጤት ከቀድሞው ጋር ይነጻጸራል።

ደሙ የሚወሰደው በክንፍ ወይም በእግር ላይ ካለ የደም ሥር በቀጭን መርፌ ነው። በተለምዶ የሚከበረው ወሰን ከወፏ ክብደት 1 በመቶ አለመብለጥ ነው። 100 ግራም ገደማ ከምትመዝነው የአርክቲክ ተርን ከ1 ሚሊ ሊትር በላይ አይወሰድም ማለት ነው፤ ለምርመራው ግን ጥቂት ጠብታ ይበቃል። አንዱ ጠብታ ወዲያው በስላይድ ላይ ተቀብቶ ይደርቃል። የቀረው ለዲኤንኤ ምርመራ በአልኮል ወይም በልዩ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ከናሙናው ጋር ቀኑ፣ ቦታው፣ የወፏ ዕድሜና ክብደት ይመዘገባሉ፤ በላባዋ መካከል የተገኙ ዝንቦችና መዥገሮችም ተለቅመው ይቀመጣሉ።

የላቦራቶሪ ምርመራ

የማይክሮስኮፕ ምርመራው በጤና ጣቢያዎች ለሰው ወባ ከሚደረገው የብለድ ፊልም ምርመራ ጋር ተመሳሳይ ነው። ስላይዱ በሜታኖል ተጠብቆ በጊምሳ ቀለም ይቀባና 1,000 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ይታያል። አንድ ልዩነት አለ፤ የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ ከሰው በተለየ አስኳል አለው። ስለዚህ መርማሪው ጥገኛው አስኳሉን ወደ ጎን ገፍቶት እንደሆነ ወይም ዙሪያውን ከቦት እንደሆነ በማየት ወገኑን ለመለየት ይጠቀምበታል። ፕላዝሞዲየምና ሄሞፕሮቲየስ ከሄሞግሎቢን የሚተርፍ ጥቁር ቡናማ ቅንጣት ይተዋሉ፤ ሉኮሳይቶዞንና ባቤሲያ ግን አይተዉም።

በዲኤንኤ ምርመራ ፒሲአር በተባለው ዘዴ የጥገኛው ሳይቶክሮም ቢ የተባለ ጂን ክፍል ይባዛል። በብዛት የሚነበበው ቁራጭ 480 ገደማ ፊደላት አሉት። ከዚህ ውስጥ አንድ ፊደል እንኳ ቢለይ በማልአቪ ላይ እንደ ሌላ የዘር ሐረግ ተቆጥሮ የራሱ መጠሪያ ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ በአንድ ደሴት ላይ የተገኘ ሐረግ በሌላ አህጉር በየትኛው ወፍ ላይ ታይቶ እንደሆነ መፈለግ ይቻላል።

ሁለቱ ዘዴዎች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ፒሲአር ማይክሮስኮፕ የማያሳየውን ጥቂት ጥገኛ ይይዛል። ነገር ግን ወፏ ውስጥ ገብቶ ማደግ ያልቻለ ጥገኛንም ዲኤንኤውን ስላገኘ ብቻ «አለ» ሊል ይችላል። ጋሜቶሳይት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ጥገኛው በዚያች ወፍ ውስጥ እንዳደገና ወደ ነፍሳት ሊሻገር እንደሚችል ይታወቃል።

የተያዘችበትን ቦታ ማወቅ

የአርክቲክ ተርን ከሰሜን ዋልታ አካባቢ እስከ አንታርክቲካ ትበራለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከግሪንላንድና ከአይስላንድ ተነሥተው ክትትል የተደረገባቸው ወፎች በዓመት በአማካይ 70,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዙ አሳይቷል። በእንዲህ ያለች ወፍ ደም ውስጥ ጥገኛ ቢገኝ፣ ናሙናው የተወሰደበት ቦታ ብቻውን የተያዘችበትን ቦታ አይናገርም።

ለዚህ ዋናው መፍትሔ ገና መብረር ያልጀመሩ ጫጩቶችን መመርመር ነው። ጫጩት ከሠፈሩ ወጥታ ስለማታውቅ፣ ከተያዘች የተያዘችው እዚያው ነው። አዋቂዎቹ ብቻ ተይዘው ጫጩቶቹ ነፃ ከሆኑ ግን ጥገኛው በጉዞ መስመር ወይም በክረምት ማሳለፊያ ስፍራ እንደያዛቸው ይጠረጠራል። ጥገኛው ከንክሻ በኋላ በደም ውስጥ እስኪታይ ቀናት ስለሚወስድበት በጣም ትንንሽ ጫጩቶች ነፃ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። በሠፈሩ ዙሪያ ነፍሳትን አጥምዶ መመርመርም ማስረጃውን ያጠናክራል።

«አልተገኘም» የሚለው ውጤት ትርጉም

በተመረመሩት ወፎች ላይ ጥገኛ አለመገኘቱ በሠፈሩ ውስጥ ጥገኛ የለም ማለት አይደለም። ለዚህ ቀላል የስሌት ደንብ አለ፤ ከተመረመሩት ወፎች አንዷም ካልተያዘች፣ 3 ለተመረመሩት ብዛት ሲካፈል በ95 በመቶ እርግጠኝነት የሥርጭቱን ከፍተኛ ወሰን በግምት ይሰጣል። 30 ወፎች ተመርምረው ሁሉም ነፃ ቢሆኑ፣ ከሠፈሩ ወፎች እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ተይዘው ሊሆን ይችላል። 300 ቢሆኑ ወሰኑ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ደንቡ የሚሠራው ወፎቹ ያለ ምርጫ ከተያዙና ምርመራው የተያዙትን የማያመልጥ ከሆነ ነው። በጠና የታመመች ወፍ ወደ ሠፈሯ ስለማትመለስ ከናሙናው ውጭ ትቀራለች፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከተገኘው ሊበልጥ ይችላል።

የታወቁ ምሳሌዎች

ፍሪጌት ወፎች፦ በጋላፓጎስ ደሴቶች የሚገኙ ፍሪጌት ወፎች ሄሞፕሮቲየስ ኢዋ የተባለውን ጥገኛ ይሸከማሉ። አስተላላፊው በላባቸው መካከል የሚኖር ጠፍጣፋ ዝንብ ነው። ዝንቡ ከወፉ ጋር ስለሚጓዝ ንፋሱና የንጹሕ ውሃ እጥረቱ አያግዱትም። የባሕር ወፍ ከጥገኛ ነፃ የሚሆነው አስተላላፊው እስከሌለ ድረስ ብቻ መሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

የጋላፓጎስ ፔንግዊን፦ ይህ ፔንግዊን ራሱ ረጅም ጉዞ አይጓዝም፤ ነገር ግን ተጓዥ ወፎች ወደሚያርፉባቸው ደሴቶች የተወሰነ ነው። ኩሌክስ ኩዊንኩፋሺያተስ የተባለችው ትንኝ በ1980ዎቹ በደሴቶቹ ላይ ታየች። የፕላዝሞዲየም ዲኤንኤ በፔንግዊኖቹ ደም ውስጥ መገኘቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘገበ። ከዚያ በኋላ በደሴቶቹ ከተገኙት ሐረጎች አንዱ በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ መካከል በሚመላለሰው ቦቦሊንክ በተባለ የየብስ ወፍ ላይም ተገኝቷል። ስጋቱ መነሻ አለው፤ ይህችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ1826 በመርከብ ወደ ሃዋይ ከገባች በኋላ የወፍ ወባ በዚያ ያሉ አገር በቀል የጫካ ወፎች እንዲጠፉ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

የማጄላን ፔንግዊን፦ በአርጀንቲና፣ በቺሊና በፎክላንድ ደሴቶች ይራባል፤ ከመራቢያ ወቅት በኋላ በባሕር ወደ ሰሜን እስከ ብራዚል ይጓዛል። ደክመው ወይም ነዳጅ ዘይት ነክቷቸው ወደ ብራዚል ዳርቻ የሚወጡት በማገገሚያ ማዕከላት ይታከማሉ። ትንኝ በማይበዛበት ቀዝቃዛ ዳርቻ ያደጉት እነዚህ ወፎች ለወባ የሚጋለጡት እዚያ ነው፤ በማዕከላቱም የወፍ ወባ ወረርሽኝ ተከስቶ ብዙዎች ሞተዋል። አንዳንዶቹ ምንም ምልክት ሳያሳዩ በድንገት ይሞታሉ። ጥገኛው አስቀድሞ በሳንባ፣ በጉበትና በጣፊያ ውስጥ ስለሚባዛ የደም ስላይዳቸው ነፃ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በዚህም ምክንያት የሞቱት ወፎች የውስጥ አካላት ናሙናም ይመረመራል።

ለጥበቃ ሥራ ያለው ጥቅም

የክትትል ውጤት በተለይ በማገገሚያ ማዕከላትና በእንስሳት ማቆያዎች ሥራ ላይ ይውላል። ፔንግዊኖች የሚቀመጡበት ስፍራ እንደ አጎበር ባለ ጥቅጥቅ መረብ ይሸፈናል፣ የረጋ ውሃ ይደፋል፣ በትንኝ ወቅት እንደ ፕሪማኩዊን ያለ የወባ መድኃኒት ይሰጣል። ያገገመች ወፍ ወደ ባሕር ከመለቀቋ በፊት ደሟ ይመረመራል፤ ምክንያቱም ጥገኛውን ይዛ ብትመለስ ተይዘው ወደማያውቁ ወፎች ልታደርሰው ትችላለች።

በዱር ባሉ ሠፈሮች ሕክምና መስጠት ስለማይቻል የክትትሉ ዋና ጥቅም ለውጥን ቀድሞ ማወቅ ነው። ለብዙ ዓመታት «አልተገኘም» ተብሎ የተመዘገበ ሠፈር ላይ ጥገኛ ሲገኝ፣ አዲስ መሆኑ የሚታወቀው የቀድሞዎቹ ዓመታት መዝገብ ካለ ብቻ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም፣ በአውሮፓና በእስያ የሚራቡ ጋል የተባሉ ወፎች የአውሮፓን ክረምት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ያሳልፋሉ። ከእነርሱም መካከል ጥቁር ራስ ጋልና አነስተኛው ጥቁር ጀርባ ጋል ይገኛሉ። በባሕር ዳር የምትራባ ወፍ ወደ እንዲህ ያለ ሞቃትና ንጹሕ ውሃ ያለበት አካባቢ ስትመጣ ትንኝና ጥቁር ዝንብ ወደሚገኙበት ምድር ገባች ማለት ነው። ስለዚህ በሰሜን በሚገኝ ሠፈር የተወሰደ የደም ናሙና ትርጉም የሚሟላው፣ ወፏ ክረምቱን ያሳለፈችበት ሐይቅና በዙሪያው ያሉት ነፍሳትም ሲታወቁ ነው።