ከቄራ ወደ አዳዲ ማርያም፦ ዓለት የተፈለፈለበት መንገድ

አፍጋኒስታን ውስጥ፣ በባሚያን ሸለቆ፣ ከገደል ተፈልፍለው የቆሙ ሁለት ግዙፍ የቡድሃ ሐውልቶች ነበሩ። ትልቁ 55 ሜትር፣ ትንሹ 38 ሜትር ይረዝም ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠሩት እነዚህ ሐውልቶች እ.ኤ.አ. በማርች 2001 በታሊባን ፈንጂ ፈረሱ። አሁን የሚታዩት ቆመውበት የነበረው ባዶ ጎድጓዳ ስፍራና የቡድሃ መነኮሳት ይኖሩባቸውና ይጸልዩባቸው የነበሩት ዋሻዎች ናቸው። የተገነባ ቤት ሲፈርስ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ጭቃው ተቦክቶ እንደገና ይነሣል። ከተራራ የተፈለፈለ ግን የተራራው አካል ነውና አንዴ ከሄደ ምትክ የለውም።

ይህን የማነሣው፣ ተፈልፍሎ የተሠራ ቅርስ ሲባል ሁላችንም ወደ ሰሜን ወደ ላሊበላ ብቻ ስለምንመለከት ነው። የአዲስ አበባው የቄራ ሠፈር ሰው ግን ያን ያህል መሄድ አይጠበቅበትም። ከቄራ በመካኒሳ፣ በለቡና በዓለም ገና አድርጎ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ ሠፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ለመስቀል ብዙ ጎረቤት አገር ቤት የሚገባው በዚያ ነው፤ ቆጮና ቅቤ ጭኖ የሚመለሰውም በዚያው ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ግን የሰው ልጅ ድንጋይ የጠረበበት፣ የጸለየበትና ሙታኑን የቀበረበት ስፍራ ተራ በተራ ተደርድሯል።

አዋሽን የምንሻገርበት መልካ ቁንጡሬ የመጀመሪያው ነው። ስፍራውን ለጥናት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር ሲሆን፣ ከ1965 ጀምሮ ቁፋሮውን የመራው ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ነበር። እዚያ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የተጠረቡ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ከነዚህም መካከል ከአካባቢው ባልጩት የተሠሩ ስለታም ስንጥሮች አሉ። መልካ ቁንጡሬና ባልጩት የተባለው ስፍራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲገባ ከዓለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን አዳዲ ማርያም ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሩቅ የሚታይ ጉልላት ወይም ከፍ ያለ ግድግዳ የላትም። ጣሪያዋ ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ስለሆነ፣ እንግዳ ሰው ደርሶም «ቤተ ክርስቲያኗ የት አለች?» ብሎ ይጠይቃል። ወደ ጉድባው ሲወርድ ብቻ ነው ግድግዳው፣ በሩና መስኮቱ የሚታየው። ባሚያን ላይ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ሽቅብ ያያል፤ አዳዲ ላይ ግን ጎንበስ ብሎ ይወርዳል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ጠራቢዎቹ ያን ያህል የደከሙለት ሥራ ከመሬት በላይ እንዲታይላቸው አልፈለጉም።

የአሠራሩ ሥርዓት ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ በዙሪያው ጉድባ ይቆፈርና ዋናው ዓለት ይለያል፤ ቀጥሎ በርና መስኮት ይከፈታል፤ በተከፈተው ገብተው ውስጡን እየፈለፈሉ ፍርካሹን ያወጡታል። ዓምዱ መጥቶ የሚተከል አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ተነሥቶ እሱ የሚቀር ነው። አንድ ጊዜ መሮው ከሚገባው በላይ ከገባ የሚለጠፍበት ነገር የለም። ግድግዳውን ቀረብ ብሎ ላየው የመሣሪያው ምት ዛሬም ጎልቶ ይነበባል፤ ልስን አልሸፈነውም። ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ ጫማውን አውልቆ የገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድለት ጥቂት መቆም አለበት።

ያሠራት ንጉሥ ላሊበላ እንደሆነ፣ ይህም ወደ ዝቋላ ገዳም በመጣበት ጊዜ እንደሆነ የአካባቢው ትውፊት ይተርካል። በግራኝ ዘመን ተጎድታ ለረጅም ጊዜ ያለ አገልግሎት እንደቆየችና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገልግሎት እንደቀጠለችም ይነገራል። ዛሬም ማኅሌት የሚቆምባት፣ ቅዳሴ የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። በጥር 21 አስተርዮ ማርያም በዙሪያዋ ያለው ሜዳ በሕዝብ ይሞላል።

መንገዱን ወደ ቡታጅራ ሲቀጥሉ ሶዶ ውስጥ ጢያ ይደረሳል። እዚያ ከቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች በ32ቱ ላይ ሰይፍ፣ ክብና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል። ስፍራው የመቃብር ቦታ ሲሆን፣ የብዙዎቹን ምልክቶች ትርጉም እስካሁን የፈታው የለም። ዩኔስኮ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

የአዳዲ ጠላት እንደ ባሚያን ፈንጂ አይደለም፤ ውኃ ነው። ከመሬት እኩል የሆነ ጣሪያ ዝናቡን ይቀበላል፣ ስንጥቁን እያሰፋ ወደ ውስጥ ያሰርጋል፤ በጉድባው የሚጠራቀመው ደግሞ የግድግዳውን ሥር ያለሰልሳል። ላሊበላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የብረት መጠለያ የተተከለው ዝናቡ እያሳሳቸው ስለሆነ ነበር፤ መጠለያው ራሱ በክብደቱ ስጋት መሆኑም ብዙ አነጋግሯል። አዳዲ በስዊዘርላንድ ድጋፍ ጥገና ተደርጎላታል። ጥገና ግን አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ቦዩ መጠረግ፣ በጣሪያው ላይ የበቀለው ሥሩ ሳይጠልቅ መነቀል፣ አዲስ ስንጥቅ መታየቱ መመዝገብ አለበት። ይህን ካህናቱና ምዕመናኑ በአቅማቸው ቢሠሩም፣ ስንጥቁን ለክቶ መፍትሔ የሚያዝ ባለሙያ በየጊዜው እንዲመላለስ ማድረግ የቅርስ ባለሥልጣንና የቤተ ክህነት ድርሻ ነው። ከመዲናዋ በመኪና የአንድ ረፋድ መንገድ ብቻ ለሆነ ቅርስ ባለሙያ መላክ አይከብድምና፣ የሚቀጥለው ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይጀመር።