የሚታየው እንጥል፣ የማይታየው ዕጢ



ስለ ሕክምና ታሪክ ልናገር ቆሜ በራሴ ጉሮሮ ብጀምር ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። በተወለድኩበት በአምበር፣ በእኔ የልጅነት ዘመን፣ እንጥል ማስቆረጥ እንደ ግርዛት የተለመደ ነበር። የእኔም ተቆርጧል። ወላጆቼ ጨካኞች አልነበሩም፤ ሕፃን ሲያስለውና ጡት አልይዝ ሲል አፉን ከፍተው ሲያዩ የሚታየው እንጥል ነው። ያዩትን ከሰሱ።

ከእንጥል በላይ፣ ከአፍንጫ በስተኋላ የተሸሸገው ዕጢ ግን በመንደራችን ስም እንኳ አልነበረውም። ሐኪሞች አዴኖይድ ይሉታል። የኮፐንሃገኑ ሐኪም ዊልሄልም ሜየር ስለዚህ ዕጢ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1868፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባረፉበት ዓመት ነው። ዕጢውን ያገኘው ጣቱን ከላንቃ ኋላ አስገብቶ በመዳሰስ ነበር። ልብ በሉ፤ ወደዚህ ግኝት የመራችው ታማሚ ሕፃን አይደለችም። ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ጆሮዋ የከበደና ድምፅዋ የታፈነ ወጣት ናት።

ዕጢው በልጅነት ያድጋል፤ ከጉርምስና ጀምሮ ይኮሰምናል። ሳይኮሰምን ሲቀር፣ ወይም በአለርጂና በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ሲያብጥ፣ ከመካከለኛው ጆሮ ወደ አፍንጫ ኋላ የሚወርደውን ቱቦ ይዘጋል። ያን ጊዜ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ መስማት ይቀንሳል። በአዋቂ ሰው ላይ ሲገኝ ደግሞ ከበስተኋላው ኤች አይ ቪ ወይም ካንሰር ሊኖር ስለሚችል በዝምታ አይታለፍም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች እንደሚያስቀጡ ደንግጓል። ደግ ነው። ይሁን እንጂ «ታዲያ ልጄን የሚያፍነው ምንድን ነው?» ለምትል እናት ሕግ መልስ አይሆናትም።

አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ነበር። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ ሲጠሩት አይሰማም። መምህራችን «ፈዛዛ» ብሎ ከኋላ አስቀመጠው፤ ከኋላ ደግሞ ጨርሶ የሚሰማ ነገር የለም። እሱም እንደ እኔ እንጥሉን በሕፃንነቱ ተቆርጧል። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋረጠ። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ሐኪም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አስገብቶ አየለት፤ ዕጢው እዚያው ነበር። ወጣለት፤ ናሙናውም ተመርምሮ ካንሰር እንዳልሆነ ታወቀ።

አሁን ስንገናኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላናግረውም።